ልጆቻችሁ በአንድ ተረት ንግግር ስለሚማሩበት ሥራ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደብረ ማርቆስ

ክቡራን ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ልጆቻችሁ በየሳምንቱ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንድ ተረት ይዘው ተከታታይ የንግግር ሥራ ይሠራሉ። ሥራው ስምንት ክፍል አለው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ዓርብ መድበናል፤ በመጀመሪያው ዓርብ ይዘጋጃሉ፣ በሁለተኛው ቆመው ይናገራሉ። ልጃችሁ ማታ እጣቢ እየደፋ ወይም እንጨት እየፈለጠ «እኔ ነጩ በሬ ነኝ» እያለ ብቻውን ሲናገር ብትሰሙ እንዳትደነግጡ፣ ደግሞም ዝም እንዳታሰኙት፣ ከወዲሁ የነገሩን መነሻና ከእናንተ የምንፈልገውን እርዳታ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ሐሳቡ የመጣው ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። በዕለቱ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በክፍሏ ደረጃ የምትይዝ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ንግግር እንድታደርግ ተመርጣ ነበር። ንግግሩን የጻፈው መምህር ነው፤ ያጸደቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ልጅቷ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆነውን ጽሑፍ በቃሏ አጥንታ ወጣች፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋባት፤ ማይክሮፎኑን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች፤ ከዚያም እያለቀሰች ወረደች። እናንተ በደግነት አጨበጨባችሁላት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን ተረዳሁ። የሰጠናት ቃል የእርሷ ስላልነበረ፣ ክሩ ሲበጠስባት የምትመለስበት የራሷ ሐሳብ አልነበራትም። ይህን ያደረግንባት እኛ ነን፤ ለእርሷም ለወላጆቿም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ እየገባሁ ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። በዕረፍት ሰዓት የኳስ ጨዋታን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይዛነፍ ለጓደኞቹ የሚተርክ ልጅ፣ መምህሩ «ተነሥና አስረዳ» ሲለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መልሱን አያጣውም፤ ደብተሩ ላይ በትክክል ጽፎታል። በቋንቋ ትምህርት ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ እኩል ይቆጠራሉ ብለን እናስተምራለን፤ ፈተናው ግን በወረቀት ስለሆነ፣ በተለይ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲቃረብ፣ መናገር የተባለው ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘለል ሆኖ ቆይቷል። በቤታችንም ቢሆን ለልጅ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ደጋግመን እንነግረዋለን፤ እነዚያው አባቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውን ግን አንነግረውም።

ንግግርን በደረጃ ማስተማር ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር የተወለድን ሰዎች ነን። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አይጠየቅም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየቆየ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። በየደረጃው የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ደግሞ አዲስ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ደግሞ ቢመጣ ማንም አይቀበለውም። ከደብረ ኤልያስ የተነሣው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ነበር፤ በኋላ ወደ ተውኔት ሲገባ የቅኔ ቤቱ ስልት አብሮት ገብቷል። እኛ ለልጆቻችን ያደረግነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደረጃውን ሁሉ ዘልለን በወላጆች ቀን መወድስ ጠየቅናቸው፤ እርሱንም ሌላ ሰው ቆጥሮላቸው።

ስለዚህ ከመምህራንና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተመካክረን አንድ ተረት መረጥን፤ እርሱም አብዛኞቻችሁ ከእናት ከአባታችሁ የሰማችሁት የበሬዎቹና የጅቡ ተረት ነው። አተራረኩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ በአንዱ ቤት በሬዎቹ አራት ናቸው፣ በሌላው በጅቡ ፈንታ አንበሳ ይገባል። እኛ የያዝነው ነጭ፣ ቀይና ጥቁር በሬ በአንድ መስክ አብረው ሲኖሩ ጅብ ቀርቦ «ነጩ በጨለማ ስለሚታይ ያስበላችኋል» ብሎ ሁለቱን ያሳመነበትን፣ ቀጥሎ «ቀዩ በለምለም ሣር ላይ ከሩቅ ይለያል» ብሎ ጥቁሩን ያሳመነበትን፣ በመጨረሻም ጥቁሩን ብቻውን ያገኘበትን ነው።

ለምን አንድ ተረት ብቻ እንደሆነ የጠየቁኝ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅ ንግግር አዘጋጅ ሲባል በሁለት ነገር ይጨነቃል፤ ምን እንደሚል እና እንዴት እንደሚል። ከዚህ በፊት በሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ አዲስ ርእስ እየሰጠን ሁለቱንም ጭንቀት በአንድ ጊዜ ስናሸክማቸው ነበር፤ ልጆቹም ከአንድ ጽሑፍ ገልብጠው ያመጡ ነበር፤ ስለ ንጽሕና የተናገረው ልጅና ስለ ደን የተናገረው ልጅ መግቢያቸውም መዝጊያቸውም አንድ ነበር። ተረቱ ከታወቀ ግን ምን እንደሚል አያስጨንቀውም፤ ሐሳቡን ሁሉ እንዴት እንደሚል ላይ ያደርጋል። ደግሞም ያንኑ ነገር በስምንት መንገድ ሲናገረው፣ የንግግሩ ዓላማ ሲለወጥ ቃሉም፣ ድምፁም፣ የሚመረጠው ነገርም እንደሚለወጥ በራሱ ያየዋል። ዓይን አፋር የሆነው ልጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሬው ጀርባ ቆሞ መናገር ይችላል፤ «እፈራለሁ» ለማለት የማይደፍር ልጅ «ነጩ በሬ ሌሊቱን ይፈራ ነበር» ለማለት አይቸገርም።

የመጀመሪያው ሥራ ራስን ማስተዋወቅ ነው፤ ልጁ ከሦስቱ በሬዎች አንዱን ይመርጥና በምን እንደሚመስለው በሁለት ደቂቃ ይናገራል። ሁለተኛው ትረካ ሲሆን ድምፅን ይመለከታል፤ ጅቡ ሲቀርብ ድምፁ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ የት ላይ ቆም እንደሚባል፣ ተረቱ ከመሃሉ ቢጀመር ምን እንደሚሆን ይሞክሩበታል። እነዚህን ሁለቱን ልጆች በቀላሉ ይወጧቸዋል፤ ብዙ አልዘረዝራቸውም።

ሦስተኛው ማስረዳት ነው፤ እናንተ በብርቱ የምታስፈልጉበትም ይህ ነው። ልጁ ስለ እውነተኛው በሬ ወይም ስለ እውነተኛው ጅብ ጠይቆ ያወቀውን ነገር ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርጎ ይናገራል። ስለ በሬ የሚያወራበትን ዕውቀት ከመጽሐፍ እንዲያመጣ አንፈልግም፤ ከእናንተ፣ ከአያቱ ወይም ከጎረቤቱ ይጠይቅ። ወይፈን እንዴት እንደሚገራ፣ የጥማድ በሬ ሲጣመር አንዱ ከአንዱ ጋር የሚመረጠው በምን እንደሆነ፣ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ፣ ለጤፍ መሬቱ ለምን ደጋግሞ እንደሚታረስ ንገሩት። የከተማ ልጆቻችን ጤፍ ሲበሉ እንጂ ሲዘራ ያላዩ እየበዙ ነው፤ እርሻ የሌላችሁ ወላጆችም ልጁን ወደሚያውቅ ሰው ብትልኩት አንድ ቀን በደንብ የተማረ ያህል ነው። ስለ ጅብ ደግሞ የሳይንስ መምህራን አዘጋጅተዋል፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዝንጉርጉር ጅብ በመንጋ እንደሚኖር፣ መንጋውን የምትመራው ሴቷ እንደሆነች፣ አጥንት የሚሰብር ብርቱ መንጋጋ እንዳለው፣ ጥንብ በመብላት አካባቢን እንደሚያጸዳ ልጆቹ ይማራሉ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ይህን ሥራ በአንድ የስድስተኛ ክፍል ምድብ ሞክረነው ነበር። ትምህርቱን የሰማ አንድ ልጅ «ታዲያ የተረቱ ጅብ ለምን ብቻውን መጣ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ መልሱን ለክፍሉ ተወው፤ ልጆቹም ደወል እስኪደወል ተከራከሩበት። እኔ በመስኮት በኩል ቆሜ ስሰማ ከቆየሁ በኋላ ሥራውን ወደ ሌሎች ክፍሎች ለማስፋት ወሰንኩ።

አራተኛው ምስጋና ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ለተበላው ነጭ በሬ ሙሾ እንዲያወርዱ ነበር፤ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ አባላት አንዲት እናት ግን ልጅን ሙሾ ማስተማር ሟርት ይሆናል፣ ሐዘን ያለበት ቤትም አለ ብለው ተቃወሙ። ነገራቸው ልክ ስለነበር ለወጥነው። አሁን ልጆቹ ነጩን በሬ በሕይወት ሳለ፣ ሁለቱ በሬዎች በተቀመጡበት ያመሰግኑታል። ሥራውንም ከጅቡ ንግግር በፊት እንዲሆን አደረግነው፤ ልጁ ዛሬ በራሱ አንደበት ያመሰገነውን በሬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጅቡ ሲያስወግደው ይሰማል።

አምስተኛው፣ የጅቡ ንግግር፣ በመምህራን መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። ልጁ በጅቡ ቦታ ቆሞ ሁለቱ በሬዎች ነጩን እንዲያባርሩ ማሳመን አለበት። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ልጅን ማታለል ማስተማር ይሆናል» አሉ፤ ስጋቱን አልናቅሁትም፤ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠንበታል። ሥራውን ያልሰረዝነው ስለ አድማጩ ብለን ነው። ጅቡ ሲናገር ከአድማጮች አምስቱ አንድ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ እውነቱ ወደ ሐሰት የተሻገረበትን ቦታ መያዝ። ልብ ብላችሁ ብታዩት የጅቡ ንግግር በሐሰት አይጀምርም። ነጭ ነገር በጨለማ መታየቱ እውነት ነው። ጅብ በሌሊት መምጣቱም እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው «ስለዚህ ይሂድ» የሚለው ላይ ነው፤ በሬዎቹ ጅቡን ሲከላከሉ የኖሩት በቀንዳቸውና በቁጥራቸው እንጂ ባለመታየታቸው አልነበረምና። የሙከራው ክፍል ልጆች ይህን ለመለየት ሁለት ዓርብ ፈጀባቸው፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ጅቡ ዋሸ» ብቻ ይሉ ነበር፤ የቱ ጋ እንደዋሸ ሲጠየቁ ግን ማሳየት አልቻሉም። በኋላ አንዲት ልጅ ተነሥታ «የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ያልተናገረው ነው የሚበላን» አለች። እነዚህ ልጆች ነገ በስልክ፣ በገበያ፣ በስብሰባ የሚያሳምናቸው ሰው አያጡም፤ እውነት በሚመስል ቃል የሚመጣባቸውን ለይተው እንዲሰሙ የምንፈልገው አሁን በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሥራው ሲያልቅ ጅብ የነበረው ልጅ ወደ መሃል ወጥቶ የራሱን ንግግር ራሱ ያፈርሳል፤ ይህን ሳያደርግ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ስድስተኛው ሙግት ሲሆን ክፍሉ በሙሉ ይሳተፍበታል። ነጩ በሬ ከመሞቱ በፊት ጉዳዩን ወደ ዳኛ አቅርቦ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር ብለን ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ እናቆማለን። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱበትን ወግ በዓይኑ ያየ ወይም ከአባቱ በደንብ የሰማ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ መጥቶ ለልጆቹ አቋቋሙን፣ ተራ አጠባበቁንና አነጋገሩን እንዲያሳያቸው በትሕትና እለምናለሁ። ይህ ከመምህራኖቻችን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ነው። ሰባተኛው ድንገተኛ ንግግር ነው፤ ከሙዳይ ውስጥ ወረቀት አውጥቶ ስለ ወጣለት ጥያቄ ለአንድ ደቂቃ መናገር ነው። ስምንተኛው ላይ ተረቱን እንተወዋለን፤ ልጁ በራሱ ኑሮ ስላየው አንድ እውነተኛ ነገር በራሱ ቃል ይናገራል፤ ለወላጆች ቀን የሚቀርቡትም ከእነዚህ ውስጥ ይሆናሉ። ማንም መምህር ለማንም ተማሪ ንግግር አይጽፍም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ እያለ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢናገር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ክፍሉን በአሥር አሥር ከፍለን በግቢው ዛፎች ሥር እናስቀምጣቸዋለን፤ በአንድ ቡድን ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ንግግርና አንድ ደቂቃ አስተያየት ሲሰጥ ሥራው በ30 ደቂቃ ያልቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ራልፍ ስሜድሊ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ከመሠረተው ቶስትማስተርስ ከተባለው የንግግር ማኅበር ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛው ለተናጋሪው ጊዜውን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ምልክት ማሳየት ነው፤ እነርሱ መብራት ይጠቀማሉ፣ እኛ የካርቶን ቁራጭ ቀብተናል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ አስተያየት ሰጪ አስቀድሞ መመደብ ነው፤ ይህ ልጅ በጥሞና ሰምቶ አንድ ያማረ ነገርና አንድ ቢሻሻል የሚለውን ነገር ይናገራል። መሳቅ ክልክል ነው። ደረጃ አናወጣም፤ ከአንደኛ እስከ ስድሳኛ የሚል ነገር በዚህ ሥራ ላይ አይኖርም።

የሚንተባተቡ ልጆች ወላጆች መጥታችሁ ስጋታችሁን ነግራችሁኛል። ለእነርሱ የጊዜ ካርቶን አይነሣም፤ የጀመሩትን ቃልም ማንም አይጨርስላቸውም፤ መምህራንም ተማሪዎችም ይህን አውቀዋል። ልጁ በቡድን ፊት መቆም ካልፈለገ ለአንድ ጓደኛው ይናገር፤ እርሱም ይቆጠርለታል።

ሌላው ስጋት፣ አንዳንዶቻችሁ በግልጽ የነገራችሁኝ፣ ልጅ በሰው ፊት መናገር ከለመደ ዐይን አውጣ ይሆናል፣ በተለይ ሴት ልጅ ድምጿን ከፍ ብታደርግ ነውር ነው የሚል ነው። በአክብሮት የምመልሰው እንዲህ ነው፤ በሥራው ውስጥ ልጆቹ ከመናገራቸው በፊት ተነሥተው «ይፈቀድልኝ» ይላሉ፣ ታላላቆችን ሰላም ይላሉ፣ ሌላው ሳይጨርስ አይገቡበትም፣ ሲጨርሱም አመስግነው ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ከእናንተ የተማርነው ጨዋነት ነው። ሴቶች ልጆቻችን ነገ ሐኪም ቤት ሄደው ሕመማቸውን፣ ፍርድ ቤት ቀርበው መብታቸውን በራሳቸው አንደበት ማስረዳት ይኖርባቸዋል፤ ያን ቀን ወንድም ወይም ባል አጠገባቸው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሴት ተማሪዎች አንዷም እንድትቀር አልፈቅድም፤ የሚያሳስባችሁ ወላጆች ቢሮዬ መጥታችሁ እንነጋገር።

በቤት የምንፈልገው ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ለበሬም ለጅብም ልብስ አይሰፋም፤ ልጁ በደንብ ልብሱ ይቆማል፤ አንድ ብር እንኳ አምጣ የሚል ሰው ካለ ለእኔ አስታውቁ። የምንለምናችሁ በሚናገርበት ሳምንት በሁለት ምሽት፣ ቡና ሲፈላ ወይም ከእራት በኋላ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ስልኩንም አስቀምጣችሁ ልጁን እስኪጨርስ እንድታዳምጡት ነው። ቢሳሳት መሃል ላይ አታርሙት፤ ቢረሳ አታስታውሱት፤ እስኪያገኘው ጠብቁት። ሲጨርስ «ጎበዝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ከተናገረው ውስጥ የቱ እንደገባችሁና የቱ እንዳልገባችሁ ንገሩት። ንግግሩን ግን አትጻፉለት፤ ፊደል የቆጠረ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካለም እንዳይጽፍለት ከልክሉልን። ማንበብና መጻፍ የማትችሉ ወላጆች በዚህ ሥራ ከማንም አታንሱም፤ እንዲያውም ተረቱን ከእናንተ የተሻለ የሚተርክ መምህር በግቢያችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው የንግግር ዓርብ የካቲት ውስጥ ይጀመራል፤ ቀኑን የክፍል ተጠሪ መምህራን በልጆቹ ደብተር ላይ ያስጽፋሉ። ከዚያ በፊት ገበያ እንዳያውካችሁ በመጪው እሑድ ረፋድ ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ የሙከራው ክፍል ልጆች የጅቡን ንግግር ያቀርቡላችኋል፤ እናንተም እንደ አድማጮቹ ሐሰቱ የገባበትን ቦታ እንድትይዙ ትጠየቃላችሁ። ባለፈው ዓመት ያለቀሰችው ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በራሷ ፈቃድ በዕለቱ ነጩን በሬ ሆና ለመቅረብ ተመዝግባለች፤ ወላጆቿም ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስለ ሙግቱ ወግ ልጆቹን ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ አባቶችና እናቶች በዚሁ ቀን ስማችሁን ለጸሐፊያችን ብትሰጡን በጣም እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር